ባዶው ናሙና

ሻጋታ መርማሪ ሊመጣ ነው ሲባል ሰው ቤቱን ቀለም ይቀባል። ሐኪም ዘንድ ሄዶ ቁስሉን በእጁ እየሸፈነ "ደህና ነኝ" እንደሚል ሰው ማለት ነው። ቀለሙ ሳይደርቅ እደርሳለሁ፤ ጣቴን ግድግዳው ላይ አሳርፌ አነሳለሁ፤ ጣቴ ነጭ ይሆናል። "መቼ ነው የተቀባው?" ስል "ኧረ ቆይቷል!" ይሉኛል። ሌላው ደግሞ ሽቶ ይረጫል። ሽቶና ሻጋታ ሲደባለቁ ምን እንደሚሸቱ የማያውቅ ሰው የታደለ ነው።

ሃያ ሁለት ዓመት የሰው ጓዳ ስፈትሽ፣ የቢሮ ኮርኒስ ስከፍት፣ አልጋ ሥር ስገባ ኖሬያለሁ። መሥሪያ ቤት የሚጠሩኝ "አፍንጫው" ብለው ነው። በር ላይ ቆሜ አንዴ ሳብ አደርግና "ከመታጠቢያ ቤቱ ጀርባ ነው" እላለሁ፤ መሣሪያው ከግማሽ ሰዓት በኋላ ያንኑ ይደግማል። ቁጡም ነኝ፤ አልክድም። ቁም ሣጥኑን ግድግዳ ላይ ለጥፎ፣ መስኮቱን ዓመት ሙሉ ቆልፎ፣ "ከየት መጣብኝ?" የሚል ሰው ደሜን ያፈላዋል። "ቁም ሣጥን ከግድግዳ አንድ ስንዝር ይራቅ፤ ሰው የማይተኛበት ክፍልም ቢሆን በሳምንት አንዴ ይናፈስ" የሚለውን በየቤቱ ስደግመው አፌ ለምዶታል።

የልብስ ሰፊዋ ቤት የተላክሁት ዝናቡ ካቆመ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ መነጽራቸውን በጥቁር ክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሴት ናቸው። ቤታቸው ሁለት ክፍል ነው፤ በፊተኛው፣ መስኮቱ ሥር፣ የስፌት መኪናቸው ተቀምጣለች፤ በኋለኛው አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ አልጋ አለ። ትንሹ አልጋ የልጅ ልጃቸው የሚጡ ነው። ሚጡ ስድስት ዓመቷ ሲሆን እናቷ በፈረቃ ስለምትሠራ ከሁለት ዓመቷ ጀምሮ ያደገችው በእሳቸው እጅ ነው። በዚያ ሰሞን ደረቷ ሲር ሲር ማለት ጀመረ። ሐኪሙ "ቤቱን አስመርምሩ" አለ። እናቷ በዚያው ቀን ልጅቷን ጠቅልላ ከተማው ማዶ ወዳለው ክፍሏ ወሰደቻት።

"ቤቱ ንጹሕ ነው የሚል ወረቀት ካላየሁ አትመለስም ብላኛለች" አሉኝ እማማ። "እኔም አልፈርድባትም። እናት ናት። እና ልጄ፣ ያቺን ወረቀት ብቻ ነው የምፈልገው።"

"ወረቀቱን የሚሰጠው አየሩ ነው እማማ" አልኳቸው። ይቺንም ለሁሉም ነው የምላት።

ሥራው ለሚያየው ሰው ብዙም አያስደስትም። ቤቱ ከአንድ ቀን በፊት ጀምሮ ተዘግቶ ይቆያል። መጀመሪያ ደጅ ላይ አንድ ናሙና ይወሰዳል፤ ሻጋታ ጨርሶ የሌለበት አየር በዓለም ላይ ስለሌለ የቤቱ አየር የሚዳኘው ከደጁ አየር ጋር ተነጻጽሮ ነው። ከዚያ ትንሿን የአየር መሳቢያ በሦስት እግሯ አቆምና አናቷ ላይ የጠርሙስ ክዳን የምታክል ክብ ፕላስቲክ እሰካለሁ። ውስጧ የሚያጣብቅ መስታወት አለ። መሳቢያዋ አምስት ደቂቃ ታጉረመርማለች፤ አየሩ ሲያልፍ በዓይን የማይታየው የሻጋታ ዘር መስታወቱ ላይ ይለጠፋል፤ በኋላ ላቦራቶሪ ውስጥ በማጉያ መነጽር ይቆጠራል። በእነዚያ አምስት ደቂቃዎች ሰው ወዲያ ወዲህ ማለት የለበትም።

እማማ ጥግ ይዘው ቆሙ። አየኋቸው፤ ፊታቸው ቀልቷል።

"መተንፈስ ይቻላል እኮ እማማ!"

"ኡፍ... እንዳላበላሽብህ ብዬ ነው።"

ከሳቅሁ ቆይቼ ነበር፤ የዚያን ቀን ሳቅሁ። ሁለት መርፌ ያለውን የእርጥበት መለኪያ አሥራ አምስት ቦታ ግድግዳው ላይ ወጋሁ፤ አሥራ አምስቱም ደረቅ። የእጅ ባትሪዬን ግድግዳው ላይ አጋድሜ አበራሁ፤ አንዲት ነጥብ የለም። አፍንጫዬ ያገኘው ሳሙና፣ የመኪና ዘይትና አዲስ ጨርቅ ብቻ ነው። እናም በሃያ ሁለት ዓመቴ አድርጌው የማላውቀውን አደረግሁ፦ ውጤት ሳይመጣ ተስፋ ሰጠሁ። "የእርስዎ ቤት ከብዙ ሐኪም ቤት ይሻላል" አልኳቸው። ስወጣ የሚጡን ትንንሽ ነጠላ ጫማዎች ከአልጋ ሥር አውጥተው በሩ አጠገብ ሲደረድሩ በመስኮቱ አየኋቸው።

እዚህ ላይ ስለ ፍጥነቴ መናገር አለብኝ። ሌሎቹ መርማሪዎች ሰው ፊት ቆመው የክቧን ማሸጊያ በጥፍራቸው ሲታገሉ ሳይ አፍርላቸዋለሁ። እኔ ጠዋት ከቤቴ ሳልወጣ ለቤት ውስጥ የሚሆኑትን ሦስት አራት ክቦች ማሸጊያቸውን ላጥ ላጥ አድርጌ ቦርሳዬ ውስጥ አሰናዳለሁ። ለደጁ ናሙና ብቻ፣ የምመጣበት መኪና ውስጥ ካለው ሣጥን አንዱን እንደታሸገ አወጣለሁ። ደንቡ ማሸጊያው የሚነሣው እዚያው ቦታው ላይ ነው ይላል። ደንቡን የጻፈው ሰው ግን የሰው ጓዳ ገብቶ የሚያውቅ አይመስለኝም።

ደንቡ ሌላም ነገር ይላል። ከየቤቱ ናሙና ጋር አንድ ባዶ ይላካል። ባዶው ማለት እንደ ሌሎቹ ተይዞ የሚሄድ፣ እንደ ሌሎቹ ማሸጊያው የሚነሣለት፣ ነገር ግን መሳቢያ ላይ ሳይሰካ ተመልሶ የሚዘጋ ክብ ነው። ምንም ስላልሳበ ምንም ሊገኝበት አይገባም። ጥቅሙ የመርማሪውን እጅ መመርመር ነው። እኔ ባዶ መላክ ከተውሁ ዓመታት አልፈውኛል። ላቦራቶሪ ውስጥ የምትቆጥረው ልጅ በየጊዜው ትጠይቀኛለች።

"ጋሼ፣ ባዶው የታል?"

"ባዶ ከፈለግሽ ቤቴ ነይ" እላታለሁ። እሷ ትስቃለች፣ እኔም እስቃለሁ፣ ነገሩ በዚያው ያልፋል።

ከአራት ቀን በኋላ ስትደውል ግን አልሳቀችም። "ጋሼ፣ የልብስ ሰፊዋ የደጁ ናሙና ጥሩ ነው። የቤት ውስጦቹ ግን ሦስቱም ሞልተዋል።"

"ሊሆን አይችልም። ግድግዳው አጥንት ነው፣ ደረቅ!"

"እኔ የቆጠርሁትን ነው የምናገር። ከደጁ ስምንት እጥፍ ነው። ባዶ ቢኖር ኖሮ..."

"ባዶ፣ ባዶ አትበይብኝ እባክሽ!" ብዬ ዘጋሁባት።

አፍንጫዬ አንድ ነገር ይላል፣ መለኪያው ያንኑ ይደግማል፣ ወረቀቱ ሌላ ይላል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔም ወረቀቱን ያዝሁ። "ያረጀሁ እኔ ነኝ፤ አፍንጫዬ ደክሟል" አልሁና ሪፖርቱን ጽፌ ወሰድሁላቸው።

እማማ መነጽራቸውን አድርገው እያንዳንዱን መስመር በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። ቁጥሮቹ ጋ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

"ይሄ ብዙ ነው ማለት ነው?"

"ብዙ ነው።"

"ታዲያ ደህና ነው ብለኸኝ አልነበር?"

ጨርቁን ወቀስሁ። ብጥስጣሽ ጨርቅ እርጥበት ይይዛል፣ አሮጌ ፍራሽ ዘር ያከማቻል፣ ምናምን አልሁ። ሁሉም እውነት ነው፤ እዚያ ቤት ግን አልነበረም። እሳቸው እስክጨርስ ሰሙኝና "እኔ ነኝ ማለት ነው" አሉ። ለእኔ የተናገሩትም አይመስለኝም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ለሁለተኛው ምርመራ ስሄድ ቤቱን ላውቀው አልቻልሁም። ግድግዳው ተፍቆ ኖራ ተቀብቷል። የዓመታት ቁርጥራጭ ጨርቅ በሙሉ ወጥቷል። የትንሿ አልጋ ፍራሽ ተጥሎ ጣውላው ብቻ ቀርቷል። የስፌት መኪናዋ በረንዳ ላይ ወጥታ በላስቲክ ተሸፍናለች፤ እማማ ነፋስ ላይ ተቀምጠው ነው የሚሰፉት። እጃቸው በበረኪና ተላልጧል። ያን ቀንም አምስቱን ደቂቃ ትንፋሻቸውን ይዘው ቆሙ፤ እኔም መተንፈስ ይቻላል አላልኳቸውም።

ውጤቱ ያው ሆነ። እንዲያውም በትንሹ ባሰ።

የሚጡ እናት ደወለችልኝ። ድምጿ የደከመው ሰው ድምፅ ነው። "የልጄ ደረት እዚህም ገና አልተሻለውም" አለች። "ያ ቤት ነው ያስያዛት። እናቴ ብርድ ትፈራለች፣ መስኮት አትከፍትም ነበር። እናንተ ባትነግሩኝ መልሼ እዚያው እወስዳት ነበር።" አመሰገነችኝ። 

ወዲያው የላቦራቶሪዋ ልጅ ደወለች። "ጋሼ፣ አይቆጡኝና አንድ ነገር ልበል። የዚህ ሴትዮ ናሙና ላይ ያለው ሻጋታ ባለፉት ሁለት ወራት እርስዎ ናሙናቸውን በላኩልኝ ቤቶች ሁሉ ላይ አለ። አንድ ዓይነት ነው። ዘጠኝ ቤት እንዴት አንድ ዓይነት ሻጋታ ይኖረዋል? ባዶ ካልላኩልኝ ከእንግዲህ የእርስዎን አልቆጥርም።"

ተናደድሁ። ሃያ ሁለት ዓመት የሠራሁ ሰው በትናንት ልጅ እጄ ሊመረመር! በማግስቱ ጠዋት፣ ለነገሩ ስል፣ ከቤቴ ሣጥን አንድ ክብ አውጥቼ ማሸጊያዋን ልጬ እንደ ልማዴ ቦርሳዬ ውስጥ ጣልኋት። ቀኑን ሙሉ ይዣት ዋልሁ፤ የትም አልሰካኋትም። ማታ ዘግቼ "ይኸውልሽ ባዶሽ" የሚል ጽፌባት ላክሁ።

በሁለተኛው ቀን ደወለች። ድምጿን ዝቅ አድርጋለች፣ አጠገቧ ሰው እንዳለ።

"ጋሼ፣ ባዶዎ ባዶ አይደለም።"

"ምን አልሽ?"

"ያው ነው። የልብስ ሰፊዋ ነው ያልነው እሱ ራሱ። ክቦቹን የት ነው የሚያስቀምጧቸው?"

"ቤቴ" አልሁ። 

ከሁለት ወር በፊት መሥሪያ ቤታችን የዕቃ ክፍላችንን ለሌላ ሥራ ሰጥቶ "ዕቃችሁን በየቤታችሁ ያዙ" ብሎን ነበር። የእኔም ቤት ሁለት ክፍል ነው። በአንዱ እኔ እተኛለሁ። ሌላው የእናቴ ነበር። ከሞተች አምስት ዓመቷ ነው። ለቀስተኛው ወጥቶ ሲያልቅ መጋረጃውን ዘግቼ፣ በሩን ገርበብ አድርጌ ወጣሁ፤ ከዚያ ወዲህ ያ ክፍል አልተነካም። የናሙናውን ሣጥን ያስቀመጥሁት እዚያ ነው፣ አልጋዋ ላይ፤ ሌላ ቦታ ስለሌለኝ። ጠዋት ጠዋት መብራት ሳላበራ እገባለሁ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ ክቦቹን እልጣለሁ፣ እወጣለሁ። እውነቱን ለመናገር ፍጥነት ብቻ አልነበረም። በቀን አምስት ደቂቃ እዚያ አልጋ ላይ መቀመጥ ደስ ይለኝ ነበር።

የዚያን ቀን ሥራዬን ትቼ በእኩለ ቀን ቤቴ ገባሁ። መጋረጃውን ከፈትሁ። አምስት ዓመት ያላየው ብርሃን ሲገባ መጀመሪያ ያየሁት አቧራውን ነው። ከዚያ የእናቴን ቁም ሣጥን በሁለት እጄ ይዤ ጎተትሁ። ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ስለነበር ሲላቀቅ ድምፅ አሰማ። ከጀርባው፣ ከወለል እስከ ትከሻዬ ድረስ፣ ግድግዳው ጥቁር አረንጓዴ ሆኗል። ከላይ ከጣሪያው ጥግ አንዲት ቀጭን የውኃ መስመር ወርዳለች፤ ስንት ዝናብ እንደወረደባት እግዜር ይወቅ። የቁም ሣጥኑን በር ስከፍት የእናቴ ሹራቦች እጄ ላይ ተበጣጠሱ።

የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይሄ ነው። በየቤቱ ስንት ሰው ተቆጣሁ! "አንድ ስንዝር! በሳምንት አንዴ!" እያልሁ ጣቴን በስንት ሰው ፊት ቀሰርሁ! ጎንበስ ብዬ በኃይል ሳብሁ። ምንም አልሸተተኝም። አፍንጫው የሚባለው ሰው የገዛ ቤቱን ሻጋታ ማሽተት አልቻለም፤ ለምዶታልና። አልጋዋ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስሁ። ለእናቴ ይሁን፣ ለልብስ ሰፊዋ እጅ ይሁን፣ ለራሴ ይሁን አልለየሁትም።

በማግስቱ ከመሥሪያ ቤት የታሸጉ አዳዲስ ክቦች ይዤ ወደ እማማ ቤት ሄድሁ። ማሸጊያውን እዚያው በፊታቸው በጥፍሬ ታግዬ ላጥሁ፤ ባዶም ጨመርሁ። የላቦራቶሪዋ ልጅ ሌላ ሥራ አቁማ ቆጠረችልኝ። ቤቱ ከደጁ አየር ይሻላል። ባዶውም ባዶ ነው።

አለቃዬ ታሪኩን በሙሉ ሰማኝና በሩን ዘጋ። "አታካብደው" አለኝ። "'ከጽዳቱ በኋላ በተደረገ ምርመራ ቤቱ ነፃ ሆኖ ተገኝቷል' ብለህ ጻፍ። ጸድቷል፤ ነፃም ነው። የቱ ጋ ነው ውሸቱ? ልጅቷ ትመለሳለች፣ ሴትዮዋ ደስ ይላቸዋል፣ አንተም ስምህ ይተርፋል።"

ልቤ አልቆረጠም፤ ግን ጻፍሁት። ፈራሁ። ከሥራዬ ሌላ ምን አለኝ? ስም ሲባል ያለኝ አንድ ቅጽል ስም ነው፤ እሱንም ለመስጠት ሳሳሁ።

እማማ ወረቀቱን እንደ በፊቱ በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። "ነፃ" የሚለው ቃል ላይ ሲደርሱ ሁለቴ አነበቡት። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን በቀሚሳቸው ጫፍ ጠረጉ።

"ተመስገን። እንግዲህ ትመጣለች።"

"ትመጣለች እማማ።"

"ቀን ቀን ብቻ ነው የማስመጣት።"

"ለምን?"

"እኔ ጋ አታድርም። ራሴን አላምነውም" አሉ፣ ወረቀቱን በአራት እያጠፉ። "አራት ዓመት አቅፌያት ስተኛ ለካ እኔ ነኝ መርዝ ሳበላት የኖርሁ። ልጄ ልክ ናት። አሁን ጸድቷል ትላለህ፤ ግን እኔው ነኝ ያው የምኖርበት። ነገ ደግሞ ምን እንደማመጣባት በምን አውቃለሁ? ከሩቅ ላያት ይበቃኛል።"

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ሲባል ሰምቼ አውቃለሁ፤ ዳዋው መነጽር አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ፊቴ ተቀምጦ ሳይ ግን የመጀመሪያዬ ነው። የአለቃዬ ወረቀት ልጅቷን ይመልሳል፤ አያቷን ግን አይመልስም። እጃቸው ላይ ያለውን ወረቀት ቀስ ብዬ ወሰድሁ።

"እማማ፣ ይሄ ወረቀት ውሸት ነው።"

ፊታቸው አመድ መሰለ። "ነፃ አይደለም?"

"ነፃ ነው። ድሮም ነፃ ነበር። አንድ ቀን ታሞ አያውቅም። ሻጋታው የእኔ ነው፤ ከቤቴ፣ ከእናቴ ክፍል፣ በክቦቹ ይዤው መጣሁ። ሚጡን ያሳመማት ምን እንደሆነ አላውቅም፤ እርስዎ ግን አይደሉም።"

መጀመሪያ የተረዱኝ አልመሰለኝም። ደግሜ፣ ከማሸጊያው ጀምሬ፣ እንደ ተማሪ ነገርኳቸው። ሲገባቸው ተነሥተው ቆሙ። ወደ ጣውላው፣ ፍራሽ ወደሌለው ትንሽ አልጋ አዩ። ከዚያ የተላላጠ እጃቸውን አዩ።

"አንድ ወር ሙሉ ራሴን ስረግም..." ብለው አልጨረሱትም። "ውጣ።"

"እማማ..."

"ውጣ ብዬሃለሁ!"

ቦርሳዬን አንሥቼ ወጣሁ። በረንዳው ላይ፣ በላስቲክ ከተሸፈነችው መኪና አጠገብ ስደርስ፣ ከኋላዬ ድምፃቸው ያዘኝ።

"ቆይ እስቲ። ያ ክፍል አምስት ዓመት ሲሻግት አልሸተተህም?"

"ለምጄው ነዋ። ሰው የቤቱን ሽታ አያውቅም።"

"እሱስ እሺ። ሌላ ሰውስ? ቤትህ ሰው አይገባም እንዴ?"

"አይገባም።"

"ጎረቤት? ዘመድ?"

"ማንም አይገባም እማማ።"

ትክ ብለው አዩኝ። ቁጣቸው አልበረደም፤ ግን አብሮት ሌላ ነገር ገባበት። "አንድ ሰው ቢገባ እኮ ገና ከበሩ ይነግርህ ነበር" አሉ። "ቤትህ የት ነው?" ነገርኳቸው። ከዚያ ስልካቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ዘረጉልኝ። "በል ልጄ ጋ ደውልና ለእኔ ያልኸውን አንድም ሳታስቀር ድገምላት።"

ደገምሁላት። የሚጡ እናት መጀመሪያ ጮኸችብኝ፤ ይገባኛል። ቀጥሎ ሲቃ ሲይዛት ሰማሁ። በመጨረሻ "እናቴን ስጠኝ" አለች። ስልኩን ሰጥቼ ደረጃውን ወረድሁ፤ የቀረው የእኔ ወሬ አልነበረም።

ሪፖርቱን እንደገና ጻፍሁ። "ስሕተቱ የመርማሪው ነው" የሚለውን በመጀመሪያው መስመር ላይ አደረግሁት። አለቃዬ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሰጠኝ። የቀሩትን ስምንት ቤቶች በእረፍት ቀኖቼ ዞርኋቸው፤ ስድስቱ በእርግጥም ሻጋታ ነበረባቸው፣ የሁለቱን ባለቤቶች ይቅርታ ጠየቅሁ። አንደኛው በሩን ፊቴ ላይ ዘጋው። መሥሪያ ቤት አሁንም "አፍንጫው" ይሉኛል፤ ሲሉኝ ግን ይስቃሉ።

የእናቴን ክፍል ልስን እስከ ድንጋዩ አስፋቅሁት። ጣሪያው ተደፈነ። ቁም ሣጥኑ ተጣለ፤ ከሹራቦቿ አንድም የሚተርፍ አላገኘሁም። መስኮቱ ሳምንት ሙሉ ተከፍቶ ዋለ። በመጨረሻ የገዛ ቤቴን አየር በገዛ መሳቢያዬ ስቤ ላክሁ። "ነፃ ነው ጋሼ፣ እንኳን ደስ ያለዎት" አለችኝ የላቦራቶሪዋ ልጅ። ቁጥር ይዣለሁ፤ አፍንጫዬን ግን አላምነውም። ከውጪ እገባለሁ፣ በር ላይ ቆሜ እስባለሁ፣ ምንም የለም። ከዚህ በፊትም ምንም አልሸተተኝም ነበር። ይሸታል ወይስ አይሸትም ብዬ የምጠይቀው አንድ ሰው አጣሁ። በሃምሳ ሦስት ዓመቴ፣ ብዙ ሺሕ ሰው በሚኖርበት ከተማ፣ አንድ አፍንጫ የሚያበድረኝ ሰው አልነበረኝም።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ በሬ ተንኳኳ። እማማ ናቸው፤ መነጽራቸው አንገታቸው ላይ፣ ሚጡ በእጃቸው። እንደ ደነገጥሁ "ልጅቷ አትግባ፣ ደረቷ..." አልሁ።

"አትገባም። እሷ ደረጃው ላይ ትጠብቀኛለች፤ እኔ ነኝ የምገባ።"

ሚጡ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ "እማማ ጋ ነው የማድረው" አለችኝ፣ ሳልጠይቃት። ደረቷ አሁንም አልፎ አልፎ ሲር ይላል፤ ሐኪሙ መድኃኒት ቀይሮላታል።

እማማ ጫማቸውን ጠርገው ገቡ። መኝታ ቤቴን አዩ፤ የእናቴን ክፍል አዩ፤ መሐል ላይ ቆመው ዓይናቸውን ጨፍነው ሳቡ። እኔ ጥግ ይዤ ቆሜያለሁ።

"ተንፍስ እንጂ" አሉኝ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

ለካ ይዤው ነበር።

"አሁንም ይሸታል" አሉ።

"ሻጋታ?"

"አይ፣ ሻጋታስ ለቅቋል። የተዘጋ ቤት ነው የሚሸተው። ሰው የማይመጣበት ቤት።" የእናቴን መጋረጃ ጫፉን ይዘው አሸተቱና አፍንጫቸውን ሸበሸቡ። "ይሄን አውርደው። በምትኩ እኔ እሰፋልሃለሁ፤ ይቅር ያልሁህ ግን እንዳይመስልህ፣ ገና አልለቀቀኝም፣ ተናድጄብሃለሁ።"

"እሺ እማማ።"

መጋረጃውን አወረድሁ። እሳቸው የመስኮቱን ወርድ በክንዳቸው ለክተው በቃላቸው ያዙና ወደ በሩ ሄዱ። "የዛሬ ሳምንት መጥቼ አሸትልሃለሁ" አሉ። ሚጡ እጃቸውን ያዘች። በሩን ክፍት ትቼ እስከ መንገዱ ሸኘኋቸው።